ልጅ ሲጠፋ ይሉኝታ ይቆይ
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ በአምስተልቨን የተደረገ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንድናደርግ ሲጠይቀን፣ ዕለቱ የደስታ ስለሆነ ደስ የሚል ርእስ እንድንመርጥ አሳስቦን ነበር። ስለ እድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት፣ በመጀመሪያው ዓመት በተበደርናቸው ወንበሮች ላይ ስለ ተቀመጥንበት ስብሰባ ብንናገር ሁላችንም በወደድነው ነበር። ይሁን እንጂ አሥር ዓመት የሞላው ማኅበር ስለ ደስታው ብቻ ሳይሆን ስለ ደነገጠበት ቀንም ለመናገር የሚችል መሆን አለበት ብለን ስላመንን፣ ሌላ ርእስ ይዘን ቀርበናል። ርእሳችን የጠፋ ሕፃን ፍለጋ ነው።

ይህን ንግግር የምናደርገው እኛ ታክሲ በመንዳት የምንተዳደር፣ አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበርን፣ ዛሬ በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ የምንገኝ ሰዎች ነን። በሕፃናት ጉዳይ ምሁራን አይደለንም፤ ፖሊሶችም አይደለንም። የምንናገረው ያየነውንና ካየነው በኋላ ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

ብዙዎቻችሁ የዚያን ቀን ነበራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር በአንድ ቅዳሜ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በአምስተርዳም ጫካ ተሰብስበን ነበር። ስሙ የአምስተርዳም ይሁን እንጂ አብዛኛው መሬቱ በአምስተልቨን ክልል የሚገኝ፣ ወደ 1,000 ሄክታር የሚጠጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ አጥ በነበሩ ሰዎች ጉልበት የተቆፈረና የተተከለ ጫካ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሲሠራ ዛፍ ብቻ አልነበረም የተተከለው፤ ቦይ ተቆፍሯል፣ ኩሬ ተቆፍሯል፣ የጀልባ መወዳደሪያም ተቆፍሯል። ከየትኛውም ሜዳ ተነሥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ውኃ ዳር ይደርሳል። እኛ ግን የዚያን ቀን ያየነው ሣሩን ብቻ ነበር።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት እኅታችን ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ «ማሙሽን አያችሁት?» አለች። ልጇ የ4 ዓመት ሕፃን ነው። «ከልጆቹ ጋር ነው» አልናት። ልጆቹ ደግሞ ከአባቶች ጋር መስሏቸው ነበር። አባቶች ከእናቱ ጋር መስሏቸው ነበር። ከ60 በላይ ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ልጁን ሌላ ሰው የሚያየው መስሎን ነበር። «ይመጣል፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» እያልን የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አሳለፍን።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ሮጥን። የሮጥነው ግን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ነበር። «ሰው ወስዶት ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ወደ ሁላችንም ልብ ስለ ገባ ነው። ጥቂት ሴቶች ልጆች ወደሚወዱት የፍየሎች እርባታ ሄዱ። ግማሻችን በመዝገብ ስሙ፣ ግማሻችን በቤት ስሙ ስንጠራው ጫካው ተደበላለቀ። የለበሰው ሹራብ ቀይ ነው ያለ ነበር፣ ሰማያዊ ነው ያለም ነበር። ያን ሁሉ ፎቶግራፍ ስንነሣ ውለን የልጁን የዕለቱን ፎቶግራፍ ወዲያው ለማውጣት የቻለ አልተገኘም። ወደ ውኃው የሄደ አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር እንመጣለን። አንዲት ወጣት እኅታችን ስልኳን አውጥታ 112 ልትደውል ስትል፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ፖሊስ ከመጣ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ልጅ መጠበቅ አይችሉም ተብሎ ይጻፍብናል፤ መጀመሪያ ራሳችን እንፈልግ» ብለን ከለከልናት። እዚህ ላይ «እኛ» ስንል ማኅበሩን በሙሉ ማለታችን አይደለም። ስልኩን ከእጇ የያዘው አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚናገረው ሰው ነው። በዚህ ክልከላ ምክንያት ሌላ ሩብ ሰዓት ጠፋ።

ልጁን ያገኘችው ውሻዋን የምታናፍስ አንዲት ሆላንዳዊት ሴት ናት። ከውኃው ዳር ከሳንቃ በተሠራ መረማመጃ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጫማውን አውልቆ ውኃው ላይ ጥሎ፣ ጫማው እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ይመለከት ነበር። ሁለተኛውን ጫማ ሊያወልቅ ሲታገል ነው የደረሰችበት። ስሙን ስትጠይቀው «ማሙሽ» አላት። ወዲያው 112 ደውላ፣ ማሙሽ የሚባል ብቻውን የሆነ ሕፃን ውኃ ዳር እንዳገኘች ተናገረች። ሁለት ፖሊሶች በብስክሌት መጡ፤ የእኛንም ጩኸት ሰምተው ልጁን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ስምና አድራሻ ጠየቁ፤ ልጁ ደኅና መሆኑን አዩ፤ «ሌላ ጊዜ እንደዚህ ሲያጋጥማችሁ ወዲያውኑ ደውሉ» ብለው ሄዱ። የፈራነው ነገር አንዱም አልደረሰም። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከዚያች ሰዓት 35 ደቂቃ አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ በተጠራው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተባለውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ላልነበራችሁ ግን ባጭሩ ብንናገር መልካም ነው። አንድ አባታችን ተነሥተው፣ «ልጅ የእናት ዓይን ነው፤ ዓይኗን ከልጇ ያነሣች እናት ማንን ልትወቅስ ነው?» አሉ። ብዙ ራስ በአዎንታ ተነቀነቀ። እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጃችን ደግሞ፣ «አባባ፣ እርሶም እዚያው ነበሩ፤ ስድሳ ሰው ሆነን ያላየነውን ልጅ አንዲት ሴት ብቻዋን እንዴት አላየችም ይባላል?» ብላ መለሰች። ሌላው ወንድማችን፣ «ነገሩ ገበናችን ነው፤ ከዚህ ቤት አይውጣ» አለ። አራተኛው፣ «ፖሊስ መጥራቱ ነው የሚያስፈራው» አለ። ስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቶ ያለ ውሳኔ ተበተነ። ስለ እርሷ ያን ያህል ሲወራ እናቲቱ በአዳራሹ አልነበረችም። ከዚያም በኋላ ለሰባት ወር ወደ ማኅበራችን አልመጣችም። ልጁ በ35 ደቂቃ ተገኘ፤ እናቱን ግን ለሰባት ወር አጣናት።

ይህን ነገር ደጋግመን ስናወጣና ስናወርድ የደረስንበት ሐሳብ አንድ ነው። የዚያን ቀን ያጣነው ፍቅር አይደለም፤ ሁላችንም እግራችን እስኪደማ ሮጠናል። ያጣነው ጊዜ ነው። ጊዜውን የበላብንም ይሉኝታና ፍርሃት ነው። ሰው ምን ይላል፣ ፖሊስ ምን ይጽፋል፣ ማኅበሩ ምን ይባላል ስንል ደቂቃዎቹ ሄዱ።

ወገኖቻችን፣ ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። ከመካከላችን በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲበተኑና ሲታሰሩ የነበርን አለን። የዚያን ሰሞን እናቶቻችን ስንቅ ቋጥረው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ጣቢያ እየዞሩ «ልጄ እዚህ አለ ወይ?» ሲሉ፣ ደጃፉ ላይ የተሰጣቸው መልስ ዝምታ ነበር። ፖሊስ ልጅ የሚሰውር እንጂ ልጅ የሚፈልግ መሆኑን ያኔ አላየንም። እዚህም አገር ቢሆን ለፍርሃታችን ምክንያት አላጣንም። በሕፃናት መዋያ ድጎማ ቅሌት ሳቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹም የውጭ አገር ተወላጆች፣ ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተብለው በዕዳ ተዘፍቀዋል፤ መንግሥቱም በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣኑን ለቋል። ጉዳት ከደረሰባቸው ቤተሰቦች መካከል እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከ1,100 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው እንደነበር የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አስታውቋል። ስለዚህ የሚፈራውን ሰው «ሞኝ» ለማለት አንደፍርም፤ እኛም ፈርተናልና።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። በዚህ አገር ልጅን ከቤቱ ለይቶ ማስቀመጥ የሕፃናት ጉዳይ ዳኛ ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ «ልጄ ጠፋብኝ፣ እርዱኝ» ብሎ የደወለ ወላጅ በመደወሉ ብቻ ልጁን አያጣም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ወገናችንም ቢሆን ዝም ብሎ እንዳይቀር፤ ስልኩን አጠገቡ ላለ ሰው ይስጥ፣ ወይም «ደውሉልኝ» ይበል። የወንጀል ተጠቂ ወይም ምስክር የሆነ ሰው ፈቃድ ባይኖረውም ለፖሊስ አመልክቶ ሳይያዝ የሚመለስበት «ነጻ መግባት፣ ነጻ መውጣት» የሚባል አሠራርም በሆላንድ አለ።

በአገራችን ልጅ ሲጠፋ ምን ይደረግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በእኛ ሰፈር የእድሩ ጥሩምባ የሚነፋው ለቀብር ብቻ አልነበረም፤ ልጅ ሲጠፋም ይነፋ ነበር። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ የጠፋ ሕፃን ስም ሲጠራ ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለንም። መንገድ ላይ ብቻውን የሚያለቅስ ልጅ ያየ ሁሉ፣ ሊስትሮውም ይሁን ባለሱቁ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ልጁም እያለቀሰ «የእማዬ» ይላል። መልሱ ቢያስቅም ጥያቄው ያድን ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ እማዬ ማን እንደሆነች ያውቃልና።

እዚህ አገር ግን የአምስተርዳም ጎዳና እማዬ ማን እንደሆነች አያውቅም። ጎረቤታችንም የልጃችንን ስም ላያውቅ ይችላል። በዚህ ምትክ ሌላ ጥሩምባ አለ፤ እኛ ደግሞ ያንን ጥሩምባ መንፋት መማር አለብን።

ይህ የአሁኑ ጥሩምባ የመጣበት መንገድ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት በአርሊንግተን ከተማ፣ አምበር የተባለች የ9 ዓመት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ተጠልፋ ተወሰደች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞታ ተገኘች። የአካባቢው ሰዎች፣ «የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ የሚነገር ከሆነ ልጅ ሲጠፋስ ለምን አይነገርም?» ብለው ጠየቁ። አምበር አሌርት የሚባለው ማስታወቂያ በዚህ ተጀመረ። ወደ ሆላንድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ፖሊስ የራሱን መንገድ በመከተል፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው ተብሎ የሚታመን ልጅ ሲጠፋ ማስታወቂያውን ቡርገርኔት በተባለው የዜጎች መረብ አማካይነት ይልካል። ቡርገርኔት በስልካችን ላይ በነጻ የሚጫን ነገር ነው። እኛ ታክሲ ነጂዎች የመንገድ መዘጋትና የፍጥነት ካሜራ የሚነግረን ነገር በስልካችን ሞልቶ ይህኛው ሳይኖረን ብዙ ዓመት መቆየታችን ያሳፍረናል።

ሌላው ብዙዎቻችን በስሕተት የምናምነው ነገር፣ ፖሊስ 24 ሰዓት ሳይሞላ የጠፋ ሰው ጉዳይ አይቀበልም የሚለው ነው። ይህ የፊልም ወሬ ነው። በሆላንድ የጥበቃ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ልጅ ከዓይን ሲሰወር ወዲያውኑ 112 ይደወላል። ልጁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ቢገኝ እንደገና ደውሎ «ተገኝቷል፣ እናመሰግናለን» ማለት ነው፤ በዚህ የሚቀየም የለም።

አሁን ስለ ውኃው እንናገር፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሆላንድ የውኃ አገር ናት። ከቤታችን ደጃፍ ቦይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቦይ፣ ከመናፈሻው መካከል ኩሬ አለ። በበጋ አረንጓዴ አልጌ ሲሸፍነው ሕፃን ልጅ ሣር መስሎት ይረግጠዋል። እኛ ያደግንበት ደጋ ውኃው ሩቅ ነበር፤ ልጅ ሲጠፋ ልባችን ወደ ሰው እንጂ ወደ ውኃ አይሄድም። እዚህ አገር የሚሰጠው ምክር ግን፣ ትንሽ ልጅ ከዓይን ከጠፋ መጀመሪያ ውኃው ዳር ሂድ የሚል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልጁ ሜዳ ላይ ወይም ሱቅ ውስጥ ካለ ከሩብ ሰዓት በኋላም ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ውኃ ውስጥ ካለ ግን ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚሰምጥ ሕፃን ደግሞ በፊልም እንደምናየው አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው። ለዚህም ጥልቅ ውኃ አያስፈልግም።

የሆላንድ ሰዎች ይህንን ስለሚያውቁ ልጆቻቸውን ገና በጠዋቱ ዋና ያስተምራሉ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት የዋና ዲፕሎማዎች አሉ። ቀደም ባለው ጊዜ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ዋና እንዲወስዱ ይደረግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ግን ግዴታነቱ ስለቀረ ነገሩ በአብዛኛው ለወላጅ ተትቷል። የእኛ ልጆች ወደ ኋላ የቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ በመጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የመስጠም አደጋ እንደሚበዛ የታወቀ ነገር ነው። የዋና ትምህርት ውድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች በብዙ ከተሞች ኸሜንተው ወይም የወጣቶች ስፖርትና ባህል ፈንድ ይከፍላል። ይህን ለመጠየቅ ማፈር አይገባም። ለሠርግና ለክርስትና ከአቅማችን በላይ የምናወጣ ሰዎች፣ ለዋና ሲሆን «አቅም የለንም» ብንል ልጁ አያምነንም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሌላም ይሉኝታ እናንሣ። ከመካከላችን የኦቲዝም ጸባይ ያላቸው ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች አሉ፤ ብዙዎቹም ነገሩን ይደብቃሉ። እንደነዚህ ያሉ ልጆች ድንገት ከቤት የመውጣትና ወደ ውኃ የመሳብ ዝንባሌ ሊኖራቸው ይችላል፤ ስማቸው ሲጠራም ላይመልሱ ይችላሉ። ጎረቤትና ማኅበር አስቀድሞ ካላወቀ ፍለጋው በጨለማ ይሆናል። ለፖሊስም በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ሊነገር ይገባል። ምስጢር ብለን የያዝነው ነገር ልጁን እንዳያስከፍለው።

ፍለጋም ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ከዘይስት ከተማ ሁለት ወንድማማች ልጆች በጠፉ ጊዜ፣ በርካታ የሆላንድ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ጫካ ለጫካ ሲፈልጉ በቴሌቪዥን አይተናል። መጨረሻው መሪር ነበር፤ ልጆቹ በሕይወት አልተገኙም። ከዚያ ፍለጋ ግን የቀድሞ ወታደሮች በፈቃዳቸው የተሰባሰቡበት የጠፉ ሰዎች ፈላጊ ቡድን ተወልዷል። እነዚህ ሰዎች መስመር ሠርተው፣ መሬቱን ተካፍለው፣ ያዩትን እየመዘገቡ ነው የሚሄዱት። እኛ በጫካው ውስጥ ያደረግነው ይህን አልነበረም፤ አንዱን ቦታ ሃያ ሰው ረገጠው፣ ሌላውን ማንም አላየውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ራሳችን ጉድለት ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ፖሊስ ጠርተን፣ ሁሉንም እንደሚገባ አድርገን፣ ፍለጋው ቀዝቃዛ የሚሆንበት ጊዜስ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 25 ቀን 2024 በእስራኤል ጸፋት ከተማ፣ ቤተሰቦቿ ከኢትዮጵያ መጥተው በመጤዎች መቀበያ ማዕከል ይኖሩ የነበረች የ9 ዓመት ልጅ በቀን ብርሃን ጠፋች። ቤተሰቦቿና የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ «ልጅቱ የሌላ ቆዳ ቢኖራት ኖሮ እንዲህ ትፈለግ ነበር ወይ?» እያሉ አደባባይ ወጡ። ከዓመት በላይ ሲጮኹ ልጅቱ አልተገኘችም ነበር። እኛ ከሩቅ ሆነን ስለ ምርመራው ልንፈርድ አንችልም። የምንማረው ግን አለ፤ ያ ማኅበረሰብ ዝም ቢል ኖሮ ስሟን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። የእናት ድምፅ ብቻውን ይደክማል። የማኅበር ድምፅ ግን ተራ እየተቀያየረ ይቀጥላል።

እናት አጠገባቸው የሌለችላቸውም ልጆች አሉ። ብቻቸውን ወደ አውሮፓ ገብተው፣ ከመጠለያ ወጥተው የቀሩ ልጆችን ቁጥር የሰበሰበ ሎስት ኢን ዩሮፕ የተባለ የጋዜጠኞች ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በነበሩት ሦስት ዓመታት 51,433 ልጆች ጠፍተው መመዝገባቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የእኛን ቋንቋ የሚናገሩ እንደሚሆኑ እንገምታለን። ሌሊት በጣቢያ ደጃፍ ታክሲያችንን አቁመን ስንጠብቅ፣ አንድ ልጅ ብቻውን ቦርሳ ይዞ ሲዞር አይተን መስተዋቱን ዘግተን ያለፍንበት ጊዜ አለ። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ እኛ ካልጠየቅነው በአማርኛ ማን ይጠይቀዋል?

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ ማኅበራችን በ11ኛ ዓመቱ መጀመሪያ እንዲቀበላቸው የምናቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በማንኛውም የማኅበር ዝግጅት ላይ ሁለት ሁለት ሰዎች በየግማሽ ሰዓቱ ልጆችን እንዲጠብቁ ይመደቡ። «ሁሉም ያያል» ማለት ማንም አያይም ማለት መሆኑን አይተናል።

ሁለተኛ፣ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ያለው ውኃ የት እንደሆነ ይታይ። ልጅ ሲጠፋ ቀድመው ወደ ውኃው የሚሮጡ ሰዎች ከወዲሁ ይታወቁ። ልጅ ቤት ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ቁም ሣጥኑ፣ የአልጋው ሥር፣ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ይፈተሽ።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ከቤት ስንወጣ የልጆቻችንን ፎቶግራፍ በዕለቱ ልብሳቸው እናንሣ። በእጃቸው ማሰሪያ ላይ የወላጅ ስልክ ይጻፍ። ልጆቻችን የእናታቸውን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር በሆላንድኛ መናገር ይማሩ፤ «የእማዬ» የሚለው መልስ እዚህ አይበቃምና።

አራተኛ፣ 112 ለመደወል ማንም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅ። ሊቀ መንበርም ይሁን ሽማግሌ የደዋዩን እጅ አይያዝ። ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ነገሩ ከረዘመ 116 000 የሚባል፣ የአውሮፓ ኅብረት ለጠፉ ልጆች ጉዳይ የመደበው የስልክ መስመር እንዳለም እንወቅ።

አምስተኛ፣ በሦስቱ ከተሞች የምንገኝ ሾፌሮች ስማችንን እናስመዝግብ። ጎዳናውን፣ የትራሙን መጨረሻ፣ ሌሊት የሚከፈተውን ሱቅ እናውቃለን፤ በአንድ መልእክት በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ መንገድ ለማየት እንችላለን። ነገር ግን ወላጅና ፖሊስ ሳይፈቅዱ የልጅ ፎቶግራፍ አንበትን፤ ልጁ ከተገኘ በኋላም ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መኖር የለበትም።

ስድስተኛ፣ ልጅ በጠፋ ጊዜ አንድ ሰው ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር እንዲቆይ ይመደብ፤ ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን ከሚወቅሳቸው አፍ ለመጠበቅም ነው።

ስለዚህ ስለ ስድስተኛው ጥቂት ብለን እንጨርሳለን። እናቲቱ በጠፋችባቸው ሰባት ወራት፣ «ትምጣ እንጂ፣ ማን ከለከላት?» እያልን ነበር። በመጨረሻ ሦስት እናቶቻችን ጀበናቸውን ይዘው ቤቷ ሄዱ። ስለ ጫካው አንድም ቃል ሳይናገሩ ቡና አፍልተው፣ ሦስተኛውን ጠጥተው ተመለሱ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄዱ። በአራተኛው ቅዳሜ እርሷ ራሷ አብራቸው ወደዚህ አዳራሽ መጣች። እኛም በዚያን ቀን፣ ስልኩን ከልጅቷ እጅ የያዝነው እኛ መሆናችንን ነገርናት። እስከዚያ ድረስ አታውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «እኔም እኮ አልደወልኩም፤ ስልኬ በእጄ ነበር» አለችን። ይህን ዛሬ እንድንናገር የፈቀደችልን እርሷ ናት፤ ስማችንን ሳትጠቅሱ ንገሩት ብላናለች።

ማሙሽ አሁን ትልቅ ልጅ ሆኗል። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን የዋና ዲፕሎማውን ለመቀበል ልብሱንና ጫማውን እንደ ለበሰ ሲዋኝ፣ ከመዋኛው ዳር ቆመን ካየነው ሰዎች መካከል እኛም ነበርን። ልጁ ጫካውን አያስታውሰውም። እኛ ግን ማስታወስ አለብን።

ማኅበር የሚመሠረተው በደስታ ጊዜ አብሮ ለመብላት ብቻ ቢሆን ምግብ ቤት ይበቃን ነበር። ልጅ ሲጠፋ የሚፈልግ፣ ሲገኝም እናቱን የማያጣ ማኅበር እንዲሆንልን እንመኛለን።